ማርማላታ ከቆላ ፍራፍሬ

ማርማላታ ፍሬንና ስኳርን አብሮ በማፍላት፣ የፍሬውን ውሃ በከፊል አትንኖ እንዲረጋ በማድረግ የሚዘጋጅ ምግብ ነው። ከተራ የፍራፍሬ ቅቅል በሁለት ነገር ይለያል፤ ሲቀዘቅዝ ረግቶ ዳቦ ላይ ይቀመጣል፣ በደንብ ከታሸገም ያለ ማቀዝቀዣ ለወራት ይቆያል። ብዙ ሰው የሚያውቀው ከብርቱካን ወይም ከእንጆሪ የተሠራውን ነው። በላይኛው አዋሽ የሚመረተው የመርቲ የብርቱካን ማርማላታ ለምሳሌ በቁርስ ገበታ ላይ የቆየ ስም አለው። ነገር ግን ማንጎ፣ ፓፓያ፣ አናናስ፣ ዘይቱን፣ ፓሽን ፍሩትና ሙዝም ማርማላታ ይሆናሉ። የቆላ ፍሬ ከብርቱካን የሚለየው አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን የማይበቃ በመሆኑ ነው። አንዱ ኮምጣጣነት ይጎድለዋል፣ ሌላው የሚያረጋው ነገር ያንሰዋል። የሙያው ዋና ቁም ነገርም የተያዘው ፍሬ ምን እንደጎደለው ማወቅና ያንኑ መሙላት ነው።

ፍሬውን ወደ ድስት የሚያስገባው ወቅቱ ነው። የአርባ ምንጭና የአሶሳ ማንጎ ሲደርስ በአንድ ሰሞን ይደርሳል፤ ገበያው ይሞላል፣ ዋጋው ይወርዳል፣ የበሰለው ፍሬ ደግሞ በሙቀት ከጥቂት ቀናት በላይ አይታገሥም። ዘይቱን ከማንጎም ይብሳል፤ ዛሬ በስሎ የተለቀመው ከነገ ወዲያ ሊላሽቅ ይችላል። ከዚህ ሌላ ማርማላታ ሥጋም ወተትም የሌለበት በመሆኑ በጾም ወራት ለዳቦ ጥሩ ማባያ ነው። በዚሁ ምክንያት አረፋን ለማብረድ ቅቤ ጣል የማድረግ የውጭ አገር ልማድ እዚህ ባይወሰድ ይሻላል፤ አረፋው በጭልፋ ሲገፈፍ ያው ነው።

የሚረጋው ለምንድን ነው? በፍሬ ሕዋሳት ግድግዳ ውስጥ ፔክቲን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ኒኮላ ቮክላን በ1790 እ.ኤ.አ. ከፍሬ ለይቶ አወጣው፤ ስሙን ያገኘው ግን በ1825 እ.ኤ.አ. ከሌላው ፈረንሳዊ ኬሚስት ከአንሪ ብራኮኖ ነው። ጭድ ጭቃን እንደሚይዝ ሁሉ ፔክቲንም ሕዋስን ከሕዋስ ያያይዛል። ፍሬው ሲፈላ ፔክቲኑ ረጃጅም ክር ሆኖ ወደ ውሃው ይወጣል። እነዚህ ክሮች ግን ውሃ ስለሚከባቸውና ተመሳሳይ የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው እርስ በርስ ይገፋፋሉ። እንዲያያዙ ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አሲድ ሙላቸውን ያለዝበዋል፤ ስኳር ደግሞ የከበባቸውን ውሃ ወደ ራሱ ይስበዋል። ያኔ ክሮቹ ተጠላልፈው መረብ ይሠራሉ፣ የቀረው ፈሳሽም በመረቡ ውስጥ ተይዞ ይቀራል። መርጋት ማለት ይኸው ነው።

መረቡ የሚሠራው በተወሰነ ልክ ውስጥ ብቻ ነው። ፔክቲኑ ከጠቅላላው ክብደት ግማሽ ከመቶ እስከ 1 ከመቶ፣ ስኳሩ ከፍሬው የራሱ ስኳር ጋር ከ60 እስከ 65 ከመቶ፣ የአሲድነቱ መለኪያ ፒኤች ደግሞ ከ2.8 እስከ 3.5 ገደማ መሆን አለበት። አሲዱ ከዚህ ካነሰ የቱንም ያህል ቢፈላ አይረጋም፤ ከበዛም የረጋው ያለቅሳል፣ ማለትም ውሃ ያቀራል። ኮዴክስ አሊሜንታሪየስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ በ2009 እ.ኤ.አ. ለማርማላታና መሰሎቹ ባወጣው መመዘኛ የሚሟሟው ነገር ከ60 ከመቶ እንዳያንስ ያዝዛል፤ ለጃም በጠቅላላው የሚጠይቀው የፍሬ መጠን ደግሞ 45 ከመቶ ነው።

ከቆላ ፍሬዎች ሁሉ ለጀማሪ የሚመከረው ዘይቱን ነው። ፔክቲኑ ብዙ ነው፣ ኮምጣጣነትም አያጣም፤ ጥቂት ሎሚ ከታከለበት ያለ ብዙ ድካም ይረጋል። በቫይታሚን ሲም ከብርቱካን በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ የተወሰነው በእሳቱ ቢጠፋም የሚተርፈው ቀላል አይደለም። አስቸጋሪው በውስጡ ያለው ደቃቅ የዘር ፍሬ ነው፤ ጥርስ የሚሰብር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስለዚህ ዘይቱን ሳይላጥ ተቆራርጦ፣ ውሃ እስኪሸፍነው ተደርጎ ይቀቀልና በወንፊት ይጠለላል። ብራዚላውያን ይህንኑ ፍሬ ከማርማላታ አልፎ በቢላ እስኪቆረጥ ድረስ ያጠነክሩትና ጎያባዳ ይሉታል፤ ከነጭ አይብ ጋር ሲቀርብ ደግሞ ሮሜዎና ጁልየት የሚል የቁልምጫ ስም አለው።

ማንጎ ሌላ ጠባይ አለው። ያልበሰለው ኮምጣጣና ፔክቲን የሞላበት ነው፣ ግን ሽታና ቀለም የለውም፤ የበሰለው መዓዛው ያውዳል፣ ነገር ግን አሲዱ አልቋል፣ ፔክቲኑም ላልቷል። መፍትሔው ሁለቱን ማደባለቅ ነው፤ ሦስት እጅ የበሰለ፣ አንድ እጅ ገና ጠንከር ያለ። ሌላው ጉዳይ ቃጫው ነው። የአገሬው ማንጎ ጣዕሙ ድንቅ ቢሆንም ቃጫ ስለሚበዛበት በወንፊት ማለፍ አለበት። ኬንት፣ ኪት፣ ቶሚ አትኪንስና አፕል ማንጎ የሚባሉት የተሻሻሉ ዝርያዎች ቃጫቸው ትንሽ ስለሆነ ተከትፈው በቀጥታ ድስት ይገባሉ። ለማርማላታ ሲባል ግን የአገሬውን ከነድካሙ መምረጥ ይሻላል፤ ስኳር ሲጫነው የማይጠፋ መዓዛ ያለው እሱ ነው።

ፓፓያ ጣፋጭ ነው እንጂ ኮምጣጣነት የለውም ማለት ይቻላል። ፒኤቹ ከ5 በላይ ስለሆነ ሎሚ ሳይጨመርበት የተሠራ የፓፓያ ማርማላታ ፈሳሽ ሆኖ ከመቅረቱም በላይ ለጤና አያስተማምንም። አደገኛውን የቦቱሊዝም መርዝ የሚያመነጨው ባክቴሪያ የማያድገው ፒኤቹ ከ4.6 በታች በሆነ ምግብ ውስጥ ነውና ሎሚው ለጣዕም ብቻ የሚጨመር አይደለም። ለ1 ኪሎ ፓፓያ የሦስት ወይም የአራት ሎሚ ጭማቂ ይጨመራል፤ አናናስ ወይም ፓሽን ፍሩት ከተቀላቀለበትም ይጠቀማል። ሙዝም በዚሁ ሕግ ይሄዳል፤ በዚያ ላይ እንደተላጠ ስለሚጠቁር ሎሚው ወዲያው ሊነካው ይገባል።

በሲዳማና በጌዴኦ የሚበቅለው አናናስ አሲዱ ጥሩ ሲሆን ፔክቲኑ ግን ትንሽ ነው። ፓሽን ፍሩት እጅግ ኮምጣጣ ነው፤ ጭማቂው ለሌሎች ፍሬዎች የሎሚን ቦታ ይተካል።

ፔክቲን በዱቄት መልክ ተዘጋጅቶ ይሸጣል። እሱ ከሌለ ሎሚና ብርቱካን ጉድለቱን ይሞላሉ። በሁለቱም ፔክቲን የሚከማቸው ከጭማቂው ይልቅ በነጩ የውስጥ ልጣጭና በፍሬዎቹ ላይ ነው። እነዚህ በንጹሕ ሻሽ ተቋጥረው ከሚፈላው ፍሬ ጋር ይገባሉ፣ ስኳሩ ከመጨመሩ በፊትም ተጨምቀው ይወጣሉ። በመጭመቁ ጊዜ የሚንጠባጠበው ዝልግልግ ፈሳሽ የሚፈለገው ፔክቲን ራሱ ነው።

ወደ ሥራው ሲገባ መጀመሪያ የሚመረጠው ድስቱ ነው። አፉ የሰፋ፣ ቂጡ የወፈረ፣ የማይዝግ ብረት ድስት ይመረጣል። የአሉሚኒየም ድስት ከአሲዱ ጋር ስለሚዋሐድ ጣዕም ያበላሻል። አፈ ሰፊው የሚመረጠው ውሃው ቶሎ እንዲተን ነው፤ ብዙ ሰዓት እሳት ላይ የቆየ ማርማላታ ይጠቁራል፣ የተቃጠለ ስኳር ይሸታል፣ ፔክቲኑም ተበጣጥሶ ኃይሉን ያጣል። በአንድ ጊዜ ከ2 ኪሎ ፍሬ በላይ አለመሥራት የሚመከረውም ለዚህ ነው።

ፍሬው ታጥቦ፣ ተልጦና ተከትፎ በመጠነኛ እሳት ብቻውን ይበስላል። ስኳር ቀድሞ ከገባ ቁራጩን አጠንክሮ ሳይለሰልስ ያስቀረዋል፤ ፔክቲኑም ወደ ውሃው በደንብ አይወጣም። ፍሬው ሲለሰልስ ስኳሩና የሎሚው ጭማቂ ይገባሉ። ለዘይቱን ስኳሩ ከተጠለለው ፍሬ እኩል ሊሆን ይችላል፤ ለማንጎና ለአናናስ በ1 ኪሎ 750 ግራም ይበቃል። ስኳሩ እስኪሟሟ እሳቱ ይቀንሳል፣ ከዚያ በኋላ ግን ያለ ርኅራኄ ይጨመራል። አሲዱና ሙቀቱ ከስኳሩ የተወሰነውን ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ይከፍሉታል፤ በመደርደሪያ ላይ ተመልሶ እንዳይጠጥር የሚያደርገውም ይህ ነው። ወደ መጨረሻው ሲቃረብ አረፋው ከደቃቅነት ወደ ትልልቅ ሰነፍ አረፋ ይለወጣል፤ ድስቱ መፈናጠርና ከሥር መያዝ ይጀምራል። በዚህ ጊዜ ማማሰያው ረጅም እጀታ ያለው ይሁን፤ የማርማላታ ፍንጣሪ ከፈላ ውሃ ይልቅ ቆዳ ላይ ስለሚጣበቅ ክፉኛ ያቃጥላል።

መቼ ይወርዳል የሚለው ጥያቄ ከሁሉም የበለጠ ሰው ያሳስታል። ብዙ የውጭ መመሪያዎች ቴርሞሜትሩ 105 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲያነብ አውርዱ ይላሉ። ይህ ቁጥር የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። እዚያ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፣ 65 ከመቶ ስኳር የያዘ ማርማላታም ከዚያ በ4 ወይም በ5 ዲግሪ ከፍ ብሎ ይፈላል። ከባሕር ጠለል በ2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በምትገኘው አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ማርማላታው በ96 ወይም በ97 ዲግሪ ደርሷል። እዚህ 105ን የሚጠብቅ ሰው የሚያገኘው ከረሜላ ነው። አርባ ምንጭ ላይ ደግሞ ልኩ 100 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ደንቡ አጭር ነው፤ መጀመሪያ በዚያው ቴርሞሜትር የንጹሕ ውሃ መፍያ ይለካል፣ በዚያ ላይ 4 ወይም 5 ይደመራል።

ቴርሞሜትር የሌለው በሚዛን ይሠራል፤ እንዲያውም ይህ ዘዴ ከሁሉም ይታመናል። 1 ኪሎ የበሰለ ማንጎ 150 ግራም ያህል የራሱ ስኳርና ሌላ የሚሟሟ ነገር አለው እንበል። 750 ግራም ስኳር ሲጨመርበት የሚሟሟው ድምር 900 ግራም ይሆናል። 900 ግራም ከጠቅላላው 65 ከመቶ እንዲሆን ጠቅላላው ወደ 1,385 ግራም መውረድ አለበት። ባዶው ድስት አስቀድሞ ከተመዘነ፣ ድስቱ በየመሐሉ ሚዛን ላይ እየወጣ እዚህ ክብደት ላይ ሲደርስ ሥራው አልቋል። ሚዛንም ቴርሞሜትርም በሌለበት የቀዘቀዘ ሳህን ይበቃል፤ ጠብታ ጣል ተደርጎ ለአንድ ደቂቃ ከቆየ በኋላ በጣት ሲገፋ ገጹ ከተጨማደደ ደርሷል። ሙከራው በሚደረግበት ጊዜ ድስቱ ከእሳት ይውረድ፤ አለበለዚያ ሳህኑ ሲታይ ማርማላታው ያልፋል።

ማሸጊያው የመስታወት ብልቃጥ ነው፤ ክዳኑ ያልዛገና በደንብ የሚገጥም መሆን አለበት። ብልቃጦቹ ታጥበው በውሃ ውስጥ ይፈላሉ፤ ባሕር ዳርቻ ላይ 10 ደቂቃ የሚበቃው በአዲስ አበባ ከፍታ ወደ 18 ደቂቃ ይጠጋል፣ ምክንያቱም ውሃው የሚፈላበት ሙቀት ዝቅ ያለ ነው። ማርማላታው እንደ ጋለ፣ ከአፉ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር እስከ አንድ ሴንቲ ሜትር ጎደል ተደርጎ ይሞላል፣ አፉ በንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል፣ ይከደናል። ብልቃጡን ገልብጦ ማቀዝቀዝ የተለመደ ነው፤ ይሁንና አስተማማኝ ማሸጊያ አይደለም። የሚያስተማምነው የተከደነውን ብልቃጥ ውሃ በሸፈነው ድስት ውስጥ እንደገና ማፍላት ነው፤ በአዲስ አበባ ከፍታ 15 ደቂቃ ያስፈልጋል። ሲቀዘቅዝ የክዳኑ መሐል ወደ ውስጥ ከሰረጎደና በጣት ሲጫኑት ካልተነሣ ታሽጓል።

ስኳሩን ለጤና ብሎ መቀነስ ይቻላል፤ ግን የሚቀነሰው ጣፋጭነት ብቻ አይደለም። ባክቴሪያና እርሾ እንዳያድጉ ውሃውን የሚነሣቸው ስኳሩ ነበር። ስለዚህ በግማሽ ስኳር የተሠራው እንደ ማርማላታ ሳይሆን እንደ ትኩስ ምግብ ተቆጥሮ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል፣ በሦስት ሳምንት ውስጥም ይበላል።

ሙሉ ስኳር ያለውና በደንብ የታሸገው ብርሃን በማይደርስበት ቀዝቃዛ ቦታ እስከ ዓመት ድረስ ይቆያል፤ ቀለሙ ግን ከጊዜ ጋር እየጠቆረ ይሄዳል። ከተከፈተ በኋላ ማቀዝቀዣ ይገባል፣ በንጹሕና በደረቅ ማንኪያ ብቻ ይጨለፋል። ሻጋታ የታየበት ብልቃጥ ላዩን ገፎ ከመብላት ይልቅ ሙሉ በሙሉ ይጣላል፤ የሻጋታው ሥርና አንዳንዱ ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ዓይን ከሚያየው በታች ይዘልቃል።