ማግኔታዊ ናኖ ቅንጣቶች በጡት ካንሰር ምርመራ፦ ከደሃና ርቀት አንጻር

አንዲት የደሃና ሴት በጡቷ ላይ እባጭ ብታገኝ ከአምደ ወርቅ ወደ ሰቆጣው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል፣ ከዚያም የሪፈር ወረቀት ይዛ ወደ ጎንደር፣ ደሴ ወይም አዲስ አበባ ትሄዳለች። እባጩ ካንሰር መሆኑ በናሙና ከተረጋገጠ ቀጣዩ ጥያቄ በሽታው ወደ ብብት የሊምፍ እጢዎች ደርሷል ወይስ አልደረሰም የሚል ነው። እጢዎቹን በሙሉ ማውጣት መልሱን ይሰጣል፤ ዋጋው ግን ዕድሜ ልክ ሊዘልቅ የሚችል የክንድ እብጠት ሊሆን ይችላል። ውኃ ለምትቀዳና እንጨት ለምትሸከም ሴት ይህ ቀላል ዋጋ አይደለም። ስለዚህ ከእባጩ አካባቢ የሚወጣው ፈሳሽ በቅድሚያ የሚደርስባቸውን ጥቂት እጢዎች ብቻ ለይቶ መመርመር ተመራጭ ሆኗል። እነዚህ «ዘብ እጢዎች» ሊባሉ ይችላሉ፤ ከካንሰር ነጻ ሆነው ከተገኙ የቀሩት አይነኩም።

ዘብ እጢን ለማግኘት የተለመደው ምልክት ቴክኒሺየም-99ኤም ነው። የጨረሩ መጠን በየ6 ሰዓቱ በግማሽ ስለሚቀንስ ከ24 ሰዓት በኋላ የሚቀረው ከ16 እጅ አንዱ ብቻ ነው። በመሆኑም የኒውክሌር ሕክምና ክፍሉና የቀዶ ሕክምና ክፍሉ መቀራረብ አለባቸው። በኢትዮጵያ ይህ ሙያ ለረጅም ዘመን የተያያዘው ከአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ጋር ነው።

የብረት ኦክሳይድ ናኖ ቅንጣት በዚህ ረገድ የተለየ ጠባይ አለው። የቅንጣቱ እምብርት ከ20 ናኖሜትር ገደማ ሲያንስ እንደ አንድ ማግኔት ይሆናል፤ ሆኖም የሙቀት ኃይል አቅጣጫውን ያለማቋረጥ ስለሚለዋውጠው ውጫዊ መስክ በሌለበት ማግኔትነቱ አይታይም። ስለዚህ ቅንጣቶቹ በማግኔታዊ ስበት ተጣብቀው አይከማቹም። መስክ ሲቀርብ ግን በኅብረት ይሰለፋሉ። ይህ ሱፐርፓራማግኔታዊነት ይባላል። በኤም.አር.አይ. ምስል ላይ ጤነኛ የሊምፍ እጢ ቅንጣቶቹን ስለሚውጥ ይጠቁራል፤ በካንሰር የተወረረው ክፍል ስለማይውጣቸው ብሩህ ሆኖ ይቀራል። በ2003 እ.ኤ.አ. በ80 የፕሮስቴት ካንሰር ታማሚዎች ላይ የታተመ ጥናት የተወረሩ እጢዎችን የመለየት አቅም ከ35.4 ወደ 90.5 በመቶ ከፍ ማለቱን አሳይቷል።

ለዋግ ኽምራ ግን የሚበልጠው ጥቅም ከምስሉ ጥራት ይልቅ ጊዜ ነው፤ ብረት እንደ ቴክኒሺየም በሰዓታት አይከስምም። ማግትሬስ የተባለው ፈሳሽ ሽፋኑን ጨምሮ በአማካይ 60 ናኖሜትር የሆኑ ቅንጣቶችን የያዘ ሲሆን በ2018 በአሜሪካ ፈቃድ አግኝቷል። ከቀዶ ሕክምናው ቀናት ቀደም ብሎ ሊወጋ ይችላል፤ እጢውም በእጅ በሚያዝ የማግኔት መፈለጊያ ይገኛል። በአውሮፓ የተካሄዱ የንጽጽር ጥናቶች ዘዴው ከተለመደው የማያንስ መሆኑን መስክረዋል። የወጣው እጢ በፎርማሊን ተጠብቆ ወደ ፓቶሎጂ ክፍል መጓዝ ስለሚችል፣ ሐኪሙ ሁለተኛውንም ርቀት በትዕግሥት ሊሻገር ይችላል።

ይሁንና በገጠር ሆስፒታል የብረቱ እውነተኛ ተፎካካሪ ቴክኒሺየም ሳይሆን ርካሹ ሰማያዊ ቀለም ነው። ቀለሙ ብቻውን ሲሆን የሚያመልጡት እጢዎች ይበዛሉ፤ ግን መሣሪያ አይጠይቅም። የማግኔት መፈለጊያው በአንጻሩ ውድ ነው፤ በሚሠራበት ጊዜም የብረት መቆንጠጫዎች ከቁስሉ ርቀው በፕላስቲክ መተካት አለባቸው።

ከዚህም የሚከብድ ነገር አለ። ዘብ እጢ የሚፈለገው ብብቱ ሲዳሰስ ንጹሕ በሆነበት ደረጃ ነው። በኢትዮጵያ ግን ብዙ ታማሚዎች ወደ ሐኪም የሚደርሱት እጢው በግልጽ ካበጠ በኋላ በመሆኑ ለእነርሱ የትኛውም ምልክት ፋይዳው አነስተኛ ነው። በጊዜ ለደረሰችው ደግሞ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ቅንጣቱ በጡት ውስጥ ለወራት ቆይቶ በኤም.አር.አይ. ላይ ጥቁር ጥላ ስለሚፈጥር፣ የተወጋችበት ቀን፣ ቦታና መጠን በሪፈር ወረቀቷ ላይ መስፈር አለበት።