ስለ ፍሪሲዮን ፓምፕ

ከወልድያ ተነሥቶ በጎብዬና በሮቢት በኩል ቆቦ የሚገባ፣ ከዚያም ዋጃንና አላማጣን አልፎ በግራካሱ ጠመዝማዛ ዳገት ወደ ኮረም የሚወጣ አሮጌ ሃይኤስ፣ በማሽላው ሜዳ ሳለ ያልታወቀበት ሕመም ዳገቱን ሲጀምር ይገለጥበታል፤ ሾፌሩ ፍሪሲዮን ሲረግጥ ፔዳሉ ያለ አንዳች ተቃውሞ ወለል ይነካል፣ ማርሹም እየተንቋቋ አልገባም ይላል። ብዙ ባለመኪኖች በዚህ ጊዜ ካምቢዮው አለቀ ብለው ይደነግጣሉ፤ ዳሩ ግን የጥፋቱ ሥር ብዙውን ጊዜ በፍሪሲዮን ፓምፑ ውስጥ ያለ፣ ከአውራ ጣት ጫፍ እምብዛም የማይበልጥ ጎሚኒ የሚባል የጎማ ማሸጊያ ነው።

ፓምፑ የሚሠራበትን ምሥጢር የገለጠው በ17ኛው መቶ ዓመት የነበረው ፈረንሳዊው ሊቅ ፓስካል ነው፤ ይኸውም በዝግ ዕቃ ያለ ፈሳሽ የተጫነውን ግፊት ሳያጓድል በየአቅጣጫው ያስተላልፋል። ከፔዳሉ ጋር የተያያዘው የላይኛው ፓምፕ የፍሬን ዘይት በቀጭን ቧንቧ ይልካል፤ ከካምቢዮው ጎን ያለው የታችኛው ፓምፕ ግፊቱን ተቀብሎ የፍሪሲዮኑን ሹካ ሲገፋ፣ ሞተሩና ካምቢዮው ለጊዜው ይለያያሉ። ጎሚኒው በሙቀትና በአቧራ፣ መንገዱ የሚያልፍበት የራያ ቆላ ሁለቱንም አያጣምና፣ ሲያረጅ ዘይት ይወጣል፣ አየር ይገባል፤ አየርም ሲጫኑት ስለሚታመቅ የእግር ኃይል በከንቱ ይቀራል።

ከሾፌሩ እግር ሥር ያለው ምንጣፍ በዘይቱ ከራሰ ጥፋቱ የላይኛው ፓምፕ፣ ከካምቢዮው ሥር ከተንጠባጠበ የታችኛው ነው። ጎሚኒውን ብቻ ለመለወጥ ያሰበ መካኒክ ፓምፑን አጥቦ ውስጡን በጥፍሩ ይዳስስ፤ ጭረት ወይም ዝገት ካገኘ አዲሱም ጎሚኒ ስለማይበረክት ፓምፑን በሙሉ መለወጥ ይገባዋል።

ከሥራው ሁሉ ትዕግሥት የሚሻው አየር ማስወጣቱ ነው። ረዳቱ ፔዳሉን ደጋግሞ ረግጦ ይይዛል፣ ከመኪናው ሥር የተጋደመው መካኒክ በታችኛው ፓምፕ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን ይከፍታል፣ ፔዳሉ ሳይለቀቅም መልሶ ይዘጋል፤ ሁለቱም በቅዳሴ ጊዜ እንደ ካህንና ዲያቆን ቃል እየተቀባበሉ፣ ጠርሙስ ውስጥ በተነከረው ነጭ ጎማ የሚወጣው አረፋ አልቆ ጥሩ ዘይት ብቻ እስኪፈስስ ድረስ ይቀጥላሉ። በዚህ መካከል የላይኛው ማጠራቀሚያ ከጎደለ አየር ዳግመኛ ይገባና ድካሙ ሁሉ ከመጀመሪያው ይጀመራል።

እጅግ የሚያሳዝነኝ ግን የፍሬን ዘይት ጠፋ ተብሎ የሞተር ዘይት ሲጨመር ነው፤ ጎሚኒው ያብጣል፣ የደኅናውም ፓምፕ ጎሚኒ አብሮ ይጠፋል። የፍሬን ዘይትም ቢሆን ከአየር ውሃ የሚስብ ስለሆነ፣ ተከፍቶ የከረመ ቆርቆሮ አይታመንም። ስለዚህ ሾፌር ሆይ፣ ገና ከቆቦ ሳትነሣ የማጠራቀሚያውን ልክ ተመልከት፤ ከወንበርህም ሥር ያልተከፈተ የፍሬን ዘይት አይለይህ።