“ማኖሪያ” እና “መኖሪያ”፦ ዓሣ፣ እንቁራሪት አስተኔና ገበሎ አስተኔ በአንድነት ስለሚያዙበት ስፍራ ስያሜ

ስለ እንስሳት አያያዝ የተጻፉ የውጭ መጻሕፍትን ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ ቪቫሪየም፣ አኳሪየም፣ ቴራሪየምና ፓሉዳሪየም የሚሉ አራት ቃላት ይገጥሙታል። ሁሉም የላቲን ሥር አላቸው። የመጀመሪያው “መኖር” ከሚለው ግሥ ወጥቶ ሕያዋን የሚጠበቁበትን ስፍራ በጥቅሉ ሲያመለክት፣ ሦስቱ በቅደም ተከተል ከውኃ፣ ከየብስና ከረግረግ የተገኙ ናቸው። “አኳሪየም” በዛሬው ትርጉሙ የታወቀው ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ በ1854 እ.ኤ.አ. በዚሁ ስም መጽሐፍ ካሳተመ ወዲህ ነው። እንግዲህ ቪቫሪየም የወል ስም፣ የቀሩት የዓይነት ስሞች ናቸው፤ ትርጉሙም ይህን ተዋረድ መጠበቅ ይኖርበታል።

ለወል ስሙ ከግዕዝ “ሐይወ” ቃል ማውጣት ይቻላል። ይሁን እንጂ “ማሕየዊ” ሕይወት ሰጪ ማለት በመሆኑ ለመስተዋት ሣጥን አይስማማም። “መኖሪያ” ደግሞ ነዋሪው ራሱ የመረጠውን ስፍራ ያስመስላል። እኛ የምናቀርበው “ማኖሪያ” የሚለውን ነው፤ አኗሪና የሚኖር መኖራቸውን ቃሉ ራሱ ይናገራልና። በዚሁ ምክንያት “አብሮ መኖር” ሳይሆን “አብሮ ማኖር” እንላለን፤ የመጀመሪያው ስምምነትን ያሰማል፣ በእንስሳቱ መካከል ግን ስምምነት የለም።

ለዓይነቶቹ “የውኃ ማኖሪያ” ብንል ውኃ የሚቀመጥበት ዕቃ ይመስላል። ስለሆነም “ባለውኃ ማኖሪያ”፣ “ባለየብስ ማኖሪያ” እና “ባለረግረግ ማኖሪያ” የሚሉት ይሻላሉ።

ከዚህ የሚከብደው የነዋሪዎቹ ስም ነው። አምፊቢያን የሚለው የግሪክ ቃል “ሁለት ዓይነት ኑሮ” ማለት ስለሆነ፣ “በውኃና በየብስ የሚኖር” ብለው የሚመልሱ አሉ። ይህ ፍች ግን አዞንም ጉማሬንም ያካትታል። ሁለት እንስሳት እናነጻጽር። የሜክሲኮው አክሶሎትል እንቁራሪት አስተኔ ነው፤ ሆኖም እንደ ዓሣ ስንጥቡን እንደያዘ ዕድሜውን በውኃ ውስጥ ይፈጽማል። የሰሜን አሜሪካው ባለቀይ ጆሮ ኤሊ ገበሎ አስተኔ ነው፤ ነገር ግን በውኃ ይዋኛል፣ በሳንባው ይተነፍሳል፣ ፀሐይ ለመሞቅም ወደ ደረቅ ስፍራ ይወጣል። “በውኃና በየብስ የሚኖር” የሚለው ለኤሊው ይሠራል፤ ለአክሶሎትሉ አይሠራም።

ስሕተቱ በወረቀት ላይ አይቀርም። አክሶሎትል ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የቀዘቀዘ ውኃ ይሻል፤ ከ24 ያለፈ ሙቀት ይጎዳዋል። ኤሊው ወደ 25 ዲግሪ የሚጠጋ ውኃና ከ30 ዲግሪ በላይ የሚሞቅ ደረቅ መቀመጫ ያስፈልገዋል። ሁለቱን በአንድ ስም የጠራ ተርጓሚ አንባቢውን በአንድ ማኖሪያ እንዲያኖራቸው መከረው ማለት ነው። ኤሊው ዓሣውንም አክሶሎትሉንም ነክሶ ይበላል። የእንቁራሪት አስተኔ ቆዳ ውኃና በውኃ የሟሟውን ስለሚያስገባ፣ የኤሊው ኩስ የሚያመነጨው አሞኒያ ይመርዘዋል። ቅርፊታሙ የኤሊ ቆዳ ግን ይህን ያህል አያስገባም። የማኖሪያው መስፋትም ብቻውን አያስታርቃቸውም፤ ውኃው አንድ እስከሆነ ድረስ ሙቀቱም እድፉም የጋራ ነው። አብሮ ማኖር የሚቻለው አንድ ዓይነት ሙቀት የሚሹ፣ አንዱ ከሌላው አፍ የማይገባ፣ መርዝም የማያመነጩ ሲሆኑ ነው።

ስለዚህ በመማሪያ መጻሕፍት የተለመዱት “እንቁራሪት አስተኔ” እና “ገበሎ አስተኔ” እንዲጸኑ እንመክራለን። እነዚህ ስሞች የሚመድቡት በዝምድና እንጂ በመኖሪያ አይደለም። መኖሪያውን ለመግለጽ ተርጓሚው “ውኃ ወዳድ ኤሊ” ወይም “የብስ ወዳድ ጉርጥ” እያለ ቅጽል ይጨምር። ዝምድናውን ስሙ፣ ኑሮውን ቅጽሉ፣ የአኗሪውን ኃላፊነት ደግሞ “ማኖሪያ” ይሸከማል።