የኢትዮጵያ የጭነት መኪና ጂቡቲ ውስጥ አደጋ ቢያደርስ ካሳውን ማን ይከፍላል?

ፔካ 12 ከጂቡቲ ከተማ ማዕከል 12 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ወደ ኢትዮጵያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር የሚገኝ ሰፈር ነው። «ፔካ» የሚለው ስም የመንገድ ኪሎ ሜትር ምልክትን ከሚያመለክቱ ሁለት የፈረንሳይኛ ፊደላት የመጣ ነው። ከወደብ ጭነት የሚያነሱ የኢትዮጵያ ከባድ መኪና አሽከርካሪዎች ከረዳቶቻቸው ጋር ተራ የሚጠብቁበት ስፍራ በመሆኑ አማርኛ እንደልብ ይሰማበታል።

የኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ 90 በመቶ ገደማ የሚያልፈው በጂቡቲ በኩል ነው። ጭነቱን ከሚያመላልሱት መኪኖች መካከል በባንክ ብድር የተገዙና የቤተሰብ ጥሪት የፈሰሰባቸው ጥቂት አይደሉም። ከድንበር ማዶ የሚደርስ አንድ አደጋ ባለንብረቱን ባዶ እጁን ሊያስቀረው ይችላል።

ድንበር የሚሻገር አሽከርካሪ ሊይዛቸው ከሚገቡ ሰነዶች አንዱ የኮሜሳ «ቢጫ ካርድ» ነው። መነሻው የኮሜሳ ቀዳሚ የነበረው የንግድ ቀጣና አባል አገራት በአውሮፓውያኑ 1986 አዲስ አበባ ላይ የተፈራረሙት ፕሮቶኮል ሲሆን፣ ሥራ የጀመረው በ1987 ነው። ኢትዮጵያም ጂቡቲም በሥርዓቱ ታቅፈዋል። ካርዱ ራሱን የቻለ መድን ሳይሆን፣ ባለንብረቱ በአገሩ በገባው የሦስተኛ ወገን ውል ላይ የሚቀጠል ማራዘሚያ ነው። እሱ ባይኖር ኖሮ በእያንዳንዱ ድንበር አዲስ ውል መግዛት ግድ ይሆን ነበር።

ከፔካ 12 የተነሳ፣ ማዳበሪያ የጫነ ተሳቢ መኪና አንዲት ታክሲ ገጭቶ ተሳፋሪዋን አቆሰለ እንበል። የካሳ ጥያቄው የሚቀርበው ጂቡቲ ለሚገኘው የቢጫ ካርድ ብሔራዊ ቢሮ ነው። ቢሮው ጉዳዩን መርምሮ ለተጎጂው ይከፍልና፣ ያወጣውን ገንዘብ ካርዱን ከሰጠው አገር ቢሮ ያስመልሳል። የካሳው መጠን የሚሰላው በጂቡቲ ሕግ ነው። በኢትዮጵያ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ የተቀመጠው የካሳ ጣሪያ እዚያ አይሠራም። አሽከርካሪውና ረዳቱ ቢጎዱም የሕክምና ወጪያቸው በካርዱ የሚሸፈንበት አሠራር አለ።

የተጨራመተው የመኪናው ግንባርስ? ቢጫ ካርድ ለዚህ ሳንቲም አይከፍልም። ብዙ ባለንብረቶችን ግራ የሚያጋባውም ይኸው ነው፤ «መድን አለኝ» የሚለው ሐረግ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም ይጠራልና። የሦስተኛ ወገን መድን የሚጠብቀው መንገድ ላይ ያለውን ሌላ ሰው ነው። በአየር ላይም አመክንዮው አይለወጥም፦ የአውሮፓ ኅብረት በ2004 ያወጣው ደንብ ክብደታቸው ከ500 ኪሎ ግራም በታች የሆኑ ቀላል አውሮፕላኖች ሳይቀሩ ለሦስተኛ ወገን መድን እንዲገቡ ያስገድዳል፤ ባለቤቱ የራሱን አውሮፕላን ለጉዳት መድን ማስገባቱን ግን ለራሱ ይተወዋል።

መኪናውን ራሱን የሚሸፍነው ብዙዎች «ሙሉ ኢንሹራንስ» የሚሉት ውል ነው። ይህም ቢሆን በተለምዶ የሚጸናው በኢትዮጵያ ወሰን ውስጥ ብቻ ነው። ሽፋኑ እስከ ጂቡቲ እንዲዘልቅ ባለንብረቱ ተጨማሪ አረቦን ከፍሎ በውሉ ላይ በጽሑፍ ማስፈር ይኖርበታል። ይህን ሳያደርግ የሄደ ሰው ለዓመታት አረቦን ሲከፍል ቢኖርም፣ ጋላፊን ወይም ደወሌን ካለፈ በኋላ መኪናው ያለ መድን እንደሚጓዝ ይቆጠራል። ከመንገድ ወጥቶ ለተገለበጠ ተሳቢ ማንሻና መጎተቻ የሚጠየቀው ገንዘብም በዚያው ቀዳዳ ያልፋል።

የማዳበሪያው ጉዳይ ሌላ ነው። በቢጫ ካርዱም በመኪናው ውልም ውስጥ አይገባም፤ የጭነቱ ባለቤት በሚገባው የጭነት መድን ወይም አጓጓዡ በሚገባው የኃላፊነት መድን ይታያል።

ከጉዞ በፊት ሊመረመር የሚገባው ሌላው ነገር ቀን ነው። ቢጫ ካርድ ከመሠረታዊው ውል አልፎ አይጸናም። ውሉ ሊያበቃ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የተነሳና ወደብ ላይ ተራው የዘገየበት አሽከርካሪ፣ ፔካ 12 ቆሞ ሳለ የሁለቱም ጊዜ ሊያልፍበት ይችላል፤ ውሉን የማሳደሱ ሥራ ደግሞ ኢትዮጵያ ባለው ባለንብረት ላይ ይወድቃል።