ሮኬትን የሚያቆም ትንሽ ቫልቭ

ሮኬት ሲባል በብዙ ሰው ሐሳብ የሚመጣው እሳቱና ጩኸቱ ነው። ሠሪዎቹ ግን እንቅልፍ የሚያጡት፥ ብዙ ጊዜ፥ በመዳፍ ውስጥ ስለሚገባ አንድ ቫልቭ ነው።

ለዚህ ምስክር የሚሆነን በዴንማርክ አገር በሕዝብ መዋጮ ሮኬት የሚሠሩት የ«ኮፐንሃገን ሰብኦርቢታልስ» ማኅበርተኞች ያጋጠማቸው ነገር ነው። በሴፕቴምበር 5 ቀን 2010 እ.ኤ.አ. ከቦርንሆልም ደሴት አጠገብ በባሕር ላይ ሮኬታቸውን ሊተኩሱ ተሰናድተው ሳለ፥ የፈሳሽ ኦክሲጅኑ ቫልቭ በብርድ ደርቆ አልከፈት አለ። ቫልቩን እንዲያሞቅ የተደረገው ተራ የጠጉር ማድረቂያ ነበርና የኤሌክትሪክ ኃይሉ አልቆ ኖሯል። ሮኬቱም ሳይነሣ ቀረ። በጁን 3 ቀን 2011 እ.ኤ.አ. እንደ ገና ሲሞክሩ ግን ተነሥቶ ወደ 3 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ደረሰ።

ፈሳሽ ኦክሲጅን የሚፈላው ከዜሮ በታች በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በዚህ ብርድ ተራ ጎማ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል፤ የአየሩም እርጥበት በቫልቩ ላይ በረዶ ይሠራል።

የኳስ ቫልቭ አሠራሩ ቀላል ነው። በመካከሉ የተበሳ የብረት ኳስ በሁለት ቀለበቶች መካከል ተቀምጦ ሩብ ዙር ሲዞር፥ ቀዳዳው ከቧንቧው ጋር ይገጥምና ፈሳሹ ያለ መሰናክል ያልፋል። አደጋው ሲዘጋ ነው፤ ይኸውም በኳሱ ሆድ ውስጥ ጥቂት ፈሳሽ ታስሮ ይቀራል። ያ ፈሳሽ ሲሞቅ ወደ ጋዝ ተለውጦ ከ800 እጥፍ በላይ ቦታ ይፈልጋል። መውጫ ያጣ እንደሆነ ቫልቩን ያፈነዳዋል፤ በአጠገቡ የቆመውንም ሰው ሊገድል ይችላል። መድኃኒቱ ቫልቩ በተዘጋ ጊዜ ወደ ታንኩ የሚመለከት ትንሽ ቀዳዳ በኳሱ ላይ መብሳት ነው። እንዲህ የተሰናዳ ቫልቭ ግን የሚያግደው በአንድ አቅጣጫ ስለሆነ፥ ተገልብጦ እንዳይገጠም የቀስት ምልክት ሊደረግበት ይገባል።

ለማሸጊያ የሚመረጠው ቴፍሎን ነው፤ በዚያ ብርድ እንደ ተራ ጎማ አይሰባበርም፥ ከኦክሲጅንም ጋር ይስማማል። ሆኖም ከክፍል ሙቀት እስከዚያ ብርድ ሲወርድ ቴፍሎን ከመቶ 2 ያህል ሲያጥር፥ የማይዝገው ብረት የሚያጥረው ከመቶ ሲሶ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በሞቃት ጊዜ የማያፈስ ቫልቭ ሲቀዘቅዝ ሊያፈስ ይችላል። ይህን ለመከላከል ከቀለበቱ በስተኋላ ገፊ ስፕሪንግ ይደረጋል። የመክፈቻው ዘንግም አንገቱ ረዘም ተደርጎ፥ ማሸጊያው ከብርዱ ራቅ ብሎ ይቀመጣል።

ከሁሉም በላይ ንጽሕና ያስፈልጋል። ቅባት ከኦክሲጅን ጋር ሲገናኝ በትንሽ ምክንያት ይቀጣጠላል። በብየዳ ቤት ያለውን የኦክሲጅን ሲሊንደር መክፈቻ ዘይት በነካው እጅ መያዝ የሚከለከለው በዚሁ ምክንያት ነው። ቫልቩም ተፈታትቶ ከዘይትና ከእርጥበት ሁሉ ከጸዳ በኋላ፥ በመጀመሪያ በፈሳሽ ናይትሮጅን መፈተን አለበት፤ እርሱ በ196 ዲግሪ ከዜሮ በታች የሚፈላ ሲሆን እሳት አያግዝም። ነገር ግን በተዘጋ ቤት ሰውን ያፍናልና ሥራው በደጅ ይሁን። ቫልቩ ቀዝቅዞ ሳለ ደጋግሞ ተከፍቶ ተዘግቶ፥ ማፍሰሱና አለማፍሰሱ ተመዝግቦ ይታይ።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ሥራ ይስማማል። በፈተና ቀን ያፈሰሰ ቫልቭ ተፈትቶ ይታደሳል፤ በተኩስ ቀን የከዳ ግን የዓመታት ድካምን፥ አንዳንድ ጊዜም የሰው ሕይወትን ይዞ ይሄዳል።