ያልተተከለው የወሰን ምልክት

በግንቦት 1990 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል በባድሜ የተነሣው ጦርነት የኢትዮጵያን ንግድ ከአሰብ አፍልሶ ወደ ጅቡቲ ባያዞረው ኖሮ፣ ዛሬ በዶራሌ የኮንቴይነር ክምር ሥር፣ ጨው በጠገበው ንዳድ ተራውን የሚጠባበቀው የከባድ መኪና ሾፌር ብዛት ይህን ያህል ባልሆነ ነበር፤ ስለዚህ የወሰን ክርክር የካርታ አዋቂዎችና የሕግ ሊቃውንት ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ሰው፣ ዕዳውን ማን እንደሚከፍል ያይ ዘንድ ወደዚህ ወደብ ቢወርድ መልካም ነው።

ጅቡቲም ራሷ ከዚህ ፈተና አላመለጠችም። ከኦቦክ በስተሰሜን፣ ቀይ ባሕር ወደ ባብ ኤል መንደብ እየጠበበ በሚሄድበት ዳርቻ የሚገኘው ራስ ዱሜራ ፈረንሳይና ኢጣልያ በ1892 እና በ1893 ዓ.ም. በተዋዋሉት ውል ተከፍሎ፣ በአጠገቡ ያለችው የዱሜራ ደሴት ባለቤትነት ግን ሳይቆረጥ አደረ። ከዚያም የፈረንሳዩ ላቫልና የኢጣልያው ሙሶሊኒ በእኛ አቈጣጠር በልደት በዓል ዕለት፣ ታኅሣሥ 29 ቀን 1927 ዓ.ም. በሮም ተፈራርመው ያንኑ ጠረፍ ለኢጣልያ ለመልቀቅ ተስማሙ። የአገራችንን መወረር ያደፋፈረው ይኸው ውል ነበር፤ ማጽደቂያ ሰነዱ ሳይለዋወጥ ስለ ቀረም፣ አንዱ ወገን ሕያው፣ ሌላው ምውት የሚለው ወረቀት ለልጅ ልጅ ተላለፈ።

በሰኔ 2000 ዓ.ም. የጅቡቲና የኤርትራ ወታደሮች በራስ ዱሜራ ኮረብታ ላይ ደም ተፋሰሱ። የጸጥታው ምክር ቤት በጥር 2001 ዓ.ም. ኤርትራ ጦሯን እንድትመልስ አዘዘ፤ በ2002 ዓ.ም. ኳታር አስታራቂ ሆና ወታደሮቿን በመካከል አቆመች። ነገር ግን ሁለገቡ የዶራሌ ወደብ በግንቦት 2009 ዓ.ም. ተመርቆ ወር ሳይሞላው፣ ኳታር ከባሕረ ሰላጤው ጎረቤቶቿ ጋር በተጣላች ጊዜ፣ ጅቡቲና አሥመራ ሁለቱም ወደ ሪያድ ወገን ስላዘነበሉ፣ ዘበኞቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄዱ፤ ባዕድ ያቆመው ሰላም በባዕድ ጠብ ፈረሰ።

የባድሜ ነገር ደግሞ በተቃራኒው ነው። በዚያ ፍርድ አልታጣም፤ በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. በተፈረመው የአልጀርስ ስምምነት የተቋቋመው የወሰን ኮሚሽን ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. ብይኑን ሰጥቷል፤ የወሰኑ ምልክት ግን በምድሩ ላይ አልተተከለም። በዱሜራ የነበረው ዘበኛ ያለ ፍርድ፣ በባድሜ የተሰጠው ፍርድ ያለ ችካል መሆኑ ነው። በሐምሌ 1956 ዓ.ም. በካይሮ የተሰበሰቡት የአፍሪካ መሪዎች ነጻነት ሲገኝ የተወረሰው ወሰን እንዲከበር መወሰናቸው ብዙ እልቂት አስቀርቷል ብዬ አምናለሁ፤ ዳሩ ግን ውርሱ ራሱ ባልተጣራበት ሥፍራ፣ በጠረፉ የሚኖረው የአፋር ሕዝብ ተጠይቆ፣ ጎረቤትና ጎረቤት አብረው ካልለኩት፣ ውሳኔው ብቻውን አይበቃም። በአንጻሩ ዳግማዊ ምኒልክ በ1889 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተዋዋሉት የኢትዮጵያና የጅቡቲ ወሰን በኋላ ዘመን በ1946 ዓ.ም. ውል በመጽናቱ፣ የዶራሌ ጭነት በጋላፊ በኩል ሲያልፍ ስለ ጉምሩክ ካልሆነ በቀር ስለ ምድሩ የሚከራከር የለም።

ለዱሜራ የሚቀድመው ግን ከካርታውም በፊት የሰው ነገር ነው፤ በ2000 ዓ.ም. ከተማረኩት የጅቡቲ ወታደሮች አራቱ በመጋቢት 2008 ዓ.ም. ተፈተዋል፤ ስለ ቀሩት፣ በሕይወት ይኑሩም አይኑሩም፣ ለቤተ ዘመዶቻቸው ቁርጡ ይነገር።