የዓባይን በረሃ ስትወርዱ ፍሬናችሁን አታቃጥሉት

ከጎሃ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ ወደ 15 ሚሊዮን ጁል የሚጠጋ ጉልበት ይለቃል። በፍሬን ብቻ ከያዛችሁት አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ሸራውና ዲስኩ ላይ ያርፋል።

ሸራው ከመጠን በላይ ሲግል የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። እርጥበት የሳበ ዶት 3 የፍሬን ዘይት ደግሞ 140 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሊፈላ ይችላል። እንፋሎት ስለሚታመቅ ፔዳሉ ሳይይዝ ወደ ታች ይገባል።

መፍትሔው ሞተሩ ነው። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ወደ 2ኛ ወይም 3ኛ ማርሽ ቀንሱ፤ እግራችሁን ከነዳጅ ስታነሱ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል። ፍሬኑን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ ልቀቁት፤ መቀዝቀዣ ጊዜ ያገኛል። በፎሌ ግን ፈጽሞ አትውረዱ።